የቅጹ ሰባተኛ ጥያቄ

ከአንድ ቅጽ ጀርባ በቀር በሕይወቴ ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ያን ጊዜም ስሜ ሲጠራ «አቤት» ማለት ስለሚያሳፍረኝ መምህራችን ብዙ ቀን ቀሪ እያለ መዝግቦኛል። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ቀሪ የምባል ልጅ ነበርኩ። የሆነብኝን ነገር ለሰው በአፌ ልናገር ስሞክር ግማሹ ጉሮሮዬ ውስጥ ይቀርብኛል፤ ስለዚህ እስቲ በጽሑፍ ልሞክረው ብዬ ነው። ፊደል ብስት እለፉኝ።

ሰዓዳ እባላለሁ። የምኖረው መርሳ ነው፤ ከእናቴ ጋር። እናቴ እግሮቿ ካልታዘዙላት ስድስት ዓመት ሆኗታል። ከአልጋዋ እስከ ደጁ ድረስ የምትወጣው እኔ ደግፌያት ነው። ከጦርነቱ በፊት ወልድያ አንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት እሠራ ነበር፤ ጠዋት በሚኒባስ ሄጄ ማታ እመለሳለሁ። እዚያ ስቀጠር ከቀበሌ የደኅንነት ማጣሪያ ወረቀት አምጪ ተብዬ ነበር። «ይህችን ሴት እናውቃታለን፣ የምትጠረጠርበት ነገር የለም» የሚል ወረቀት ነው፤ የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ለማውጣት ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም።

ከዚያ ጦርነቱ ወረደብን። ከተማችን ለወራት ተይዛ ቆየችና ተለቀቀች። የምሠራበት መሥሪያ ቤት መስኮቱ እንኳ አልተረፈም። ሥራዬም በዚያው ቀረ።

ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው ከተማው ከተለቀቀ በኋላ በመጣው ጾም ነው። በዚያ ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገጣጥመው ስለነበር እስላሙም ክርስቲያኑም ጾመኛ ነበር። ሰው ሁሉ ደክሞታል። ጦርነቱ አለቀ ብሎ የሚያምን የለም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠያየቀው «ምን ትሰማላችሁ?» እየተባባለ ነው።

አንድ ሐሙስ ቀን ወልድያ ተጠራሁ። የእርዳታ እህል የሚያከማች ድርጅት መጋዘን ከፍቶ የጽዳት ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። የምትቀጥረው ሴትዮ ወረቀቴን ተቀበለችኝና ገልብጣ አየችው።

«ይሄ እኮ ጊዜው አልፎበታል።»

«አዎ» አልኩ።

«መቼ ነው ያለፈበት?»

«ከተማው ተይዞ እያለ።»

ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ወዲያው ተወችው። «እኔ ምን ላድርግሽ እህቴ? ያላደሰ ሰው መጋዘን አናስገባም። እስከ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት አድሰሽ ከመጣሽ ሥራው ያንቺ ነው። ከዚያ ካለፈ ከኋላሽ ያሉትን እዪያቸው።»

ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላዬ በረንዳው ላይ አሥራ አንድ ሴቶች ተቀምጠዋል። ሁሉም እኔን እያዩ ነው። ቶሎ ብዬ ወጣሁ።

ሲሪንቃ ላይ ለፍተሻ ወረድን፤ መታወቂያ አሳይተን ተመልሰን ተሳፈርን። ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ «በስንት ወረቀት ነው ሰው የሚኮነው?» አሉ። መርሳ ስደርስ ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። አፌ ደርቋል።

ከቀበሌው በር አጠገብ ጃንጥላ ተክለው ማመልከቻ የሚጽፉ ጋሽ መኮንን የሚባሉ ሰው አሉ። መነጽራቸው አንድ እጀታ ስለሌለው በክር ጆሯቸው ላይ አስረውታል። ድሮ የደኅንነት ቅጹ አንድ ገጽ ነበር፤ አሁን ሁለት ሆኗል። ስሜን፣ የእናቴን ስም፣ የትምህርት ደረጃዬን እየጠየቁ ሞሉልኝ። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን አነሱ።

«‹በጦርነቱ ጊዜ የት ነበሩ? ምን ይሠሩ ነበር?› ይላል። የት ነበርሽ?»

ዝም አልኩ።

እዚሁ ነበርኩ። እናቴን ተሸክሜ የት እሄዳለሁ? «የት ነበርሽ» የሚለው ቀላል ነበር። «ምን ትሠሪ ነበር» የሚለው ነው አንገቴን ያስደፋኝ። ውሃ እቀዳ ነበር። ለቤታችን ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም አልነበረም። ግን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለሰፈሩት ታጣቂዎች ዘጠኝ ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከወንዝ ውሃ ተሸክሜላቸዋለሁ። ያየ ሰው ነበር። በዚያ ሰሞን ደግሞ «እገሊት አብራቸው ነበረች» የተባለች ሴት ሥራ ቀርቶ ገበያ ላይ ሰላም የሚላት አታገኝም።

«አይ፣ ገብቶኛል» አሉ ጋሽ መኮንን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስሚኝ ልጄ። ተፈናቅዬ ነበር ያለ ዛሬውኑ ማኅተም ይመታለታል። እዚህ ነበርኩ ያለ ለኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው ደግሞ ሲሰበሰብ ነው የሚሰበሰበው። ኮምቦልቻ ብዬ ልጻፈው?»

አሁንም ዝም አልኩ። እሺም አላልኩ፣ እምቢም አላልኩ። ዝምታዬን እሺታ አድርገው ወሰዱትና «ኮምቦልቻ፣ በተፈናቃይ መጠለያ» ብለው ጻፉት። ከዚያ ወረቀቱን አዙረው አቀረቡልኝ። ፈረምኩ።

ቅጹ አንድ የአጥር ጎረቤት ምስክር ይጠይቃል። ለእኛ የአጥር ጎረቤት ማለት እትዬ በላይነሽ ናቸው። ባላቸው ጋሽ ተፈራ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ በጦርነቱ ጊዜ ሞቱ። እትዬ በላይነሽ ከዚያ ወዲህ ጥቁር ልብሳቸውን አላወለቁም። ስገባ ደጃቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ።

«እትዬ፣ ነገ ቀበሌ ቢመጡልኝ... ለሥራ ነው... ምስክር...»

«ለምስክር ነው እንዲህ የሚያልብሽ?» አሉ ሳቅ ብለው። «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ያህል የፈራሽኝ ላገባሽ መጣሁ እንዴ? እመጣለሁ። ለአንቺ ያልመሰከርኩ ለማን ልመሰክር ነው?»

ኮምቦልቻ ስለሚለው ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ምስሩን ሲያንገዋልሉት ድምፁ ጮኸብኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁት። በዚያ ቀን ይህ ሁለተኛው ዝምታዬ ነበር።

ማታ ካፈጠርን በኋላ እናቴ ጠየቀችኝ። «ምን ብለሽ ሞላሽ?»

«ኮምቦልቻ ነበርኩ ተባለ።»

እናቴ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ እግሮቿን አየቻቸው። «እኔስ? እኔም ኮምቦልቻ ነበርኩ?»

«እናቴ ተይኝ።»

«አይ፣ እኔ የጠየቅሁት መንገዱ እንዴት ነበር ብዬ ነው። ከሄድኩ አይቀር ልወቀው ብዬ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቀበሌ ደረስን። እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከናንበዋል፤ የሐዘን ነው። አግዳሚው ላይ እስከ አምስት ሰዓት ተቀመጥን። እሳቸው አሥር ጊዜ ያዛጋሉ፤ እኔ ወረቀቱን አጥፌ እዘረጋለሁ። «እኔም ጾም፣ አንቺም ጾም» አሉኝ በጆሮዬ፤ «ይሄ ልጅ ቁርሱን በልቶ ስለገባ አልቸኮለም።»

የጸጥታ ኃላፊው ወጣት ነው። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ጠረጴዛው ላይ የወረቀት ክምር አለ። ቅጼን ተቀብሎ በጣቱ ወደ ታች እየሄደ አነበበው። ሰባተኛው ላይ ብዙ አልቆየም።

«ተፈናቃይ ነበርሽ። ጥሩ።» ማኅተሙን አነሳ። ከዚያ ለሥርዓቱ ያህል ወደ እትዬ በላይነሽ ዞረ። «እናቴ፣ ይችን ልጅ ያውቋታል?»

«የአስካለ ልጅ አይደለህም አንተ?»

«ነኝ።»

«እናትህ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅቷን ያውቋታል ወይ ነው?»

«እንዴት ነው የማላውቃት?» እትዬ በላይነሽ ቀና አሉ። የአንገታቸውን ማተብ በሁለት ጣታቸው ያዙ። «ይኸው በማተቤ። ከዚች ልጅ ወዲያ ሰው አላውቅም። በዚያ በመከራው ቀን ወንድ ሁሉ ሸሽቶ፣ ዘመድ ጠፍቶ፣ ተፈራ ሁለት ቀን አልጋው ላይ ሲያድርብኝ ማን ቀበረልኝ? እሷ አይደለችም? ሴት ልጅ መቃብር ስትቆፍር የት አይተሃል? ደግሞም እስላም ናት፤ በእነሱ ሴት ቀብር እንኳ አትሄድም። እሷ ግን ከእኔ ጋር እስከ ወገቧ ጉድጓድ ገብታ ቆፍራለች። ጻፍ፣ ይሄን ጻፍ!»

ማኅተሙ አየር ላይ ቆመ።

«መቼ ነው ይሄ?» አለ ኃላፊው በቀስታ።

«ፍልሰታ ሊፈታ ሰሞን ነዋ።»

«የት?»

«እዚሁ ነዋ! ተፈራን ሌላ አገር ወስጄ ልቅበረው ኖሯል?»

አፈር ብሆን እያልኩ ወለሉን አየሁ። ኃላፊው ማኅተሙን አስቀመጠና ወረቀቱን ወደ እሳቸው አዞረላቸው፤ ማንበብ እንደማይችሉ ትዝ ሲለው መልሶ ወደ ራሱ ሳበው። «እዚህ ላይ ኮምቦልቻ ነበርኩ ይላል።»

እትዬ በላይነሽ አዩኝ። ቀና ማለት አልቻልኩም። የተናገሩት እንደሚያጠፋኝ እንጂ እንደማያድነኝ ያን ጊዜ ገባቸው።

«እ... ኮምቦልቻ... አዎ፣ ኋላ ሳትሄድ አትቀርም...» አሉ። ከዚያ ማተባቸውን አሁንም እንደያዙ ወደ እጃቸው አዩ። ለቀቁት። «አይ። ጾም ነው። ይቅር በይኝ ልጄ፣ ጾም ነው። የትም አልሄደችም።»

ኃላፊው መሳቢያውን ከፍቶ ደብተር አወጣ። ገጽ ገለጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በጣም የደከመው ሰው ይመስል ነበር።

«ከዚህ ሰፈር የደረሰን ጥቆማ አለ። አንዲት ልጅ በቢጫ ጀሪካን ትምህርት ቤቱ ድረስ ውሃ ስታመላልስላቸው ነበር ይላል። ስም የለውም። አንቺ ነሽ?»

ከውጭ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማል። ልክ እንደ ትምህርት ቤቱ ጊዜ ሆነብኝ፤ ስሜ ተጠርቷል፣ እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ፣ «አቤት» ካላልኩ ቀሪ ነኝ። ደግሞ አሰብኩት፤ ዝም ብል ይህ ዝምታዬ ሦስተኛው ነው። ሁለቱ ያመጡብኝን አይቻለሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«በቀን ስንት ጊዜ?»

«ሁለት።»

«ለስንት ቀን?»

«ዘጠኝ።»

«ምን ሰጡሽ?»

«ዶማና አካፋ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ምን?»

ከዚያ ተናገርኩት። እንዴት እንደተናገርኩት አላውቅም፤ ዓይኔን ከጠረጴዛው እግር ላይ አልነቀልኩም። ታጣቂዎቹ የሰፈሩን ዶማና አካፋ ሁሉ ለምሽግ ሰብስበው ወስደውት ነበር። ጋሽ ተፈራን የመታው ከባድ መሣሪያ ከየት እንደተተኮሰ ማንም አያውቅም፤ ግቢያቸው ላይ ወደቀ፣ አበቃ። አስከሬኑ ሁለት ቀን አደረ። በሦስተኛው ቀን እትዬ በላይነሽ አፈሩን በድስት ክዳን ሊቆፍሩ ሲነሱ አየኋቸው። ያን ጊዜ ለእናቴ እንኳ ሳልነግር ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ዶማ ስጡኝ ለማለት ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። አዛዣቸው ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «ዶማና አካፋ ለአንድ ቀን ልስጥሽ፤ የሚቀዳ ሰው የለንምና እስክንሄድ ድረስ ውሃ ታመጪያለሽ» አለኝ። በዘጠነኛው ቀን ከዚያ ግቢ ለቀው ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ።

«ሁለት ሆነን ቆፈርን» አልኩ። «ፍትሐቱን ያደረሱት አንድ አሮጌ ቄስ ናቸው። ዶማውንም አካፋውንም ማታውኑ መለስኩ።»

ኃላፊው ምንም አልጻፈም። እትዬ በላይነሽ ግን ከወንበራቸው ተነስተው ነበር።

«ከፈረሰ ቤት አገኘሁት አላልሽኝም?»

«ብያለሁ።»

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ብነግርዎ አይቀበሉኝማ።»

«በእነሱ አካፋ ነው?» ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «ተፈራ የተቀበረው በእነሱ አካፋ ነው?»

ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ኮቴያቸው ከደጁ እስኪርቅ ሰማሁት።

ኃላፊው ያን ቅጽ ሁለት ቦታ ቀደደውና ሌላ ባዶ ሰጠኝ። «ይሄን ያየሁ አይመስለኝም» አለ። «አሁን ራስሽ ሙዪው። ለኮሚቴ ይመራል፤ ቅዳሜ አይደርስልሽም። እኔ ላደርግልሽ የምችለው ይሄን ብቻ ነው።»

አግዳሚው ላይ ተቀምጬ በራሴ እጅ ሞላሁት። ለሰባተኛው ጥያቄ የተተወው ቦታ ሁለት መስመር ነው። አልበቃኝም። ገልብጬ ጀርባው ላይ ጻፍኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ጽሑፌ ያ ነው።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ልብስ እያጠብኩ ነበር። አዛኑን ስሰማ፣ ከአሥራ አንዱ ሴቶች አንዷ አሁን መጋዘን እየገባች ነው ብዬ አሰብኩ። ቅናት አልተሰማኝም። ከዚያ ይልቅ የከበደኝ አጥሩ ነው። እትዬ በላይነሽ ቀኑን ሙሉ አጥሩ ዘንድ አልመጡም። በማግስቱም አልመጡም። እንደ ልማዱ ለማፍጠሪያችን ብለው በአጥሩ ላይ የሚያቀብሉን ቲማቲምና ቃሪያም ቀረ።

እናቴ «ሐዘኗን እንደገና አስጀመርሽባት» አለችኝ። «ታገሺያት። ሰው ሁለት ጊዜ ሲቀብር ጊዜ ይፈልጋል።»

ኮሚቴው የተሰበሰበው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ምስክር ይዘሽ ነይ ተብያለሁ፤ ምስክር የለኝም። ብቻዬን ሄድኩ። ከኮሚቴው አንድ ሰው እንኳ ከጀርባው የጻፍኩትን ካነበበልኝ ይበቃል እያልኩ ራሴን እያጽናናሁ ነው የሄድኩት። ስደርስ አግዳሚው ላይ ጥቁር የለበሱ ሴት ተቀምጠዋል።

«ምን ትገተሪያለሽ?» አሉኝ እትዬ በላይነሽ። «ከጠዋት ጀምሮ ተጎልቼልሻለሁ። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ስለ አካፋው አንድ ቃል አላነሱም። እኔም አላነሳሁም። ስንጠራ ገብተው ማተባቸውን ያዙና፣ በዚያን ዕለት ያን ሁሉ የተናገሩት ሴትዮ፣ ለኮሚቴው የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፦ «እዚሁ ነበረች። የሠራችውን ሁሉ ለእኔ ብላ ነው የሠራችው። ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ማኅተሙ ተመታ።

ሥራውን አላገኘሁም። ወረቀቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ የእናቴ ትራስ ሥር አለ፤ አሁን እሱም ጊዜው አልፎበታል። የምሠራው እዚሁ መርሳ አንድ ምግብ ቤት ነው፤ ዕቃ አጥባለሁ። ወረቀት የጠየቀኝ የለም።

ታዲያ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። እናንተ የምታነቡኝ፣ እኔ አሁንም ዓይነ አፋር ነኝ፤ ሰው ሲበዛ ግድግዳ ግድግዳውን ነው የምሄደው። ግን አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ውሸት በአፍ ብቻ የሚነገር ይመስለኝ ነበር። እኔ በሕይወቴ ትልቁን ውሸት የዋሸሁት አንድም ቃል ሳልናገር ነው፤ ሌላ ሰው ጻፈው፣ እኔ ዝም አልኩ። ለእትዬ በላይነሽ የዋሸሁትን ግን ዛሬም ብሆን መልሼ የምዋሸው ይመስለኛል። የትኛው ኃጢአት እንደሆነ አላህ ያውቃል። ብቻ አሁን ስሜ ሲጠራ «አቤት» እላለሁ። ድምፄ ቀጭን ነው፣ ግን ይሰማል። ወንዝ ዳር ወረፋ ላይ አንዷ «በዚያ ጊዜ አንቺ ውሃ ስትቀጂላቸው አልነበር?» ብትለኝ፣ «አዎ፣ ለምን እንደነበር ልንገርሽ?» እላታለሁ። ብዙዎቹ መስማት አይፈልጉም። አንዳንዷ ግን ጀሪካኗን አስቀምጣ ትሰማኛለች፤ ከዚያ የራሷን ትነግረኛለች። እዚህ ከተማ የቀረነው ሁላችን አንዳንድ ነገር አለን።

በዚያው ዓመት ክረምት፣ ነሐሴ ማብቂያ ላይ፣ ጦርነቱ እንደገና ጀመረ። የወልድያ ሰው ከተማውን እየለቀቀ ነው ተባለ፤ መንገዱ በሰውና በከብት ሞላ። የእትዬ በላይነሽ ልጅ ደሴ ስለሆነች አይሱዙ ላይ ቦታ ተገኘላቸው። እናቴን የሚያስተኛ ቦታ አልነበረም፤ ስለዚህ እኔ አሁንም አልሄድኩም። ፌስታላቸውን አቀብዬአቸው ከመኪናው ጎን ቆምኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ አላየኋቸውም፤ ደሴ በሰላም እንደገቡ ግን ሰምቻለሁ። መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ጎንበስ ብለው እጄን ያዙኝ፤ በጩኸቱ መሐል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«ስሚ ሰዓዲ፣ ነገ ደግሞ የት ነበርሽ የሚልሽ አይጠፋም። ከበላይነሽ ጋር ነበርኩ በይው።»